የፍየል ድምፅ ያለው ሰውዬ

ሰውዬውን መንደሩ «ጎርናናው» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው። ሲያስነጥስ የሦስተኛው ጎረቤት ዶሮ እንቁላሏን ትጥላለች ይባላል። አንድ ቀን ደጅ ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ» ቢል ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ወዲያው ደረቀ ብለው የሚምሉም አሉ። እኔ አልምልም። ልብሱ ግን ደርቆ ነበር።

ሥራው ሬዲዮ ላይ ማንበብ ነው፤ ያውም በመካከለኛው ሞገድ፣ ሽማግሌዎች ሬዲዮናቸውን በጥፊ እየመቱ በሚያዳምጡት። ድሮ ጣቢያው ከማለዳ እስከ ምሽት ሲለፈልፍ ይውል ነበር። ከዚያ ኤፍ ኤም መጣ፣ ቀጥሎ የእጅ ስልክ መጣ። ጣቢያውም እንደ በሽተኛ ጉርሻ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት የከሰዓት ፕሮግራም ብቻ ቀረችው። እሷም የጎርናናው ናት። የጠፋ ከብት፣ የጠፋ ሰው፣ የወንዝ ሙላት፣ መዝጊያው ላይ ደግሞ «የቤተሰብ ምክር»። በእረፍት ቀን ማይክሮፎኑም ሞገዱን የሚያሰራጨው ማማም ያርፋሉ።

ስቱዲዮው መሀል ከተማ ነው። ማማው ግን ዳር ያለ ጉብታ ላይ ተገትሯል፤ ጎርናናውና ሚስቱ የሚኖሩትም ከማማው ሥር ባለው መንደር ነው። እዚያ የገቡት ጣቢያው ይህን ያህል ከመነመነ በኋላ ነው። ማማው ፀጉር ይመልጣል እየተባለ ስለሚፈራ ቤት ርካሽ ነበር። ጎርናናው ሲገባም መላጣ ስለነበር የሚፈራው ነገር አልነበረውም።

አንድ ጠባይ ነበረው፤ ቤቱ ሲገባ አፉን ይቆልፋል። ጉሮሮው መተዳደሪያው ነዋ! ጨው ሲፈልግ ጣቶቹን ያፍተለትላል፣ ውኃ ሲፈልግ ጉሮሮውን ይነካል፣ ሲቆጣ ቅንድቡን ያነሳል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ትውላለች። ማታ ደግሞ ከቅንድቡ ጋር ታመሻለች። «እስቲ አንድ ነገር አውራኝ» ስትለው ጉሮሮውን በሁለት ጣት ይዞ ራሱን ይነቀንቃል። ነገ ሥራ አለብኝ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ ጥርጣሬ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባት ይመስላል። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል ብሎ ስለሚጠረጥር የዓመት ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም። ታሞ ቀርቶም አያውቅም፤ ቢያተኩሰው እንኳ ትኩሳቱን ይዞት ይሄዳል። እንዲህ እያለ በዚያ በከሰዓቱ ሰዓት ቤቱ ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ዓመታት አለፉ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጣቢያው አለቃ አስጠራችው። ልጁ የምትሆን ሴት ናት፤ ግን አለቃ አለቃ ነው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው። «መካከለኛው ሞገድ ዓርብ ይዘጋል። ጥናት አስጠንተናል። ጠያቂው ከማማው ሥር ካለው ከእርስዎ መንደር ጀምሮ ቤት ለቤት ዞሯል። ሬዲዮ ያለው አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።»

«አንድም?»

«አንድም። ‹የለንም› ብለው በር ዘጉበት። ስቱዲዮውን ከሰዓት የኤፍ ኤም ልጆች ይፈልጉታል። ስለዚህ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ይቅረጹና ይሂዱ፤ ከሰዓት እኛ እንለቀዋለን።»

ጎርናናው ቅንድቡን አነሳ። ጥናቱን ጠረጠረ፣ ጠያቂውን ጠረጠረ፣ የኤፍ ኤም ልጆቹን የፀጉር አቆራረጥ ሳይቀር ጠረጠረ። ግን ምን ይላል? ቀረጸና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

ረጅሙን መንገድ ጨርሶ ከሰዓት መንደሩ ሲደርስ አንድ ነገር ጎረበጠው። ከየግቢው ማጉረምረም ይሰማል። ሰዎች በየአጥሩ ሥር ተቀምጠው በአፍንጫቸው የሚያወሩ ይመስላል። እሱ ሲጠጋ ግን የሚታየው ዝም ያለ ሰው ነው። ጥግ ላይ አትክልት የምትሸጠው፣ ሁሉ «እትዬ» የሚላት ሴት የብረት ጠረጴዛዋን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ ስታየው በእጇ የያዘችው ቲማቲም አምልጧት ተንከባለለ።

«ውይ! አንተ... እዚህ ነህ እንዴ?»

«የት ልሁን ታዲያ?»

እትዬ እሱን አየችው፣ ጠረጴዛዋን አየችው፣ እንደገና እሱን አየችው። «አይ፣ ዛሬስ ሁለት ሆንክብኝ» ብላ ቲማቲሟን ለማንሳት ጎንበስ አለች።

«ሁለት?» አለ በሆዱ። «ምን ማለቷ ነው? በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አለ ማለቷ ነው!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሱ ብቻ ሳያውቅ እንደቀረ ጠረጠረ፤ በዚህስ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ነገሩ ምን እንደሆነ ላይ ነው።

ደጁ ሲደርስ ከቤቱ ውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማ።

ድምፅ ከተባለ! ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ልክ ገመድ አንገቱን እንደጠለፈው ፍየል የሚንቀጠቀጥ። ቃሉ አይለይም፤ ወሬ መሆኑ ግን ያስታውቃል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያርፋል። ባረፈ ቁጥር ደግሞ ሚስቱ ትመልስለታለች። ትስቃለችም! ለእሱ ከሳቀችለት ስንት ዘመን ሆናት?

በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ። የቆርቆሮው ግድግዳ ከጫፍ ጫፍ ተንገጫገጨ። ድምፁ ቀጥ አለ።

ሚስቱ መኪናዋ ላይ በግማሽ የተሰፋ ቀሚስ እጅጌ ዘርግታለች። ሌላ ሰው የለም። ጥግ ላይ ምድጃው ከነረጅም የጭስ ማውጫ ቧንቧው ቆሟል። ቧንቧውን የሠራው ጎረቤታቸው በያጁ ነው፤ መንደሩ «ብልጭታ» ይለዋል።

«ውይ፣ ዛሬ በጊዜ መጣህ!» አለች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ጎርናናው በቅንድቡ ጠየቃት። እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች። እሱ ግን አንዲት ነገር ልብ አለ፤ ዓይኗ ወደ ቧንቧው ሄዶ ተመለሰ። ቧንቧውን ማን ሠራው? ብልጭታ። ሊሠራ ብሎ ስንት ቀን ቤታቸው ተመላለሰ? ብዙ። ሳቂታው ማነው? ብልጭታ! ነገሩ በጎርናናው ጭንቅላት ውስጥ እንደ ብረት ተበየደ።

በማግስቱ ቀርጾ እንደጨረሰ እንደ ድመት እያደባ መጣ። በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ አጮለቀ። ሚስቱ ብቻዋን እየሰፋች ፊቷን ወደ ምድጃው ጥግ አዙራለች። ያ የፍየል ድምፅ ከጥጉ ይንቀጠቀጣል።

«ኧረ ተወኝ!» አለችው ክር በጥርሷ እየበጠሰች። «እሷ ደግሞ ጠፍታ ነው? ተበልታ ነው እንጂ! አጥንቷን ይፈልጉ!»

ሳቀች። የፍየሉ ድምፅ ቀጠለ። ጎርናናው ላብ አጠመቀው። ማን ናት የተበላችው? የምን አጥንት ነው? ከውሽማ አልፎ ነፍስ ግድያ ገቡ ማለት ነው! ከሁሉ ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። «ለዚህ ድምፅ! እኔን የመሰለ ጉሮሮ ቤቷ አስቀምጣ ለዚህ የታነቀ ፍየል ትሳቅ!»

በሩን በረገደው። ግድግዳው ተንገጫገጨ፤ ድምፁ ቀጥ አለ። ጎርናናው ፍለጋውን ተያያዘው። አልጋ ሥር ገባ፤ ያገኘው የጠፋ ጫማውን ነው። ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ የደንበኛ ኮት ተሰቅሎ ቢያገኝ እጅጌውን ጠምዝዞ ያዘው። የውኃ በርሜሉን ከፍቶ ውስጡን አየ። የራሱ ፊት ቢመጣበት «ያዝኩህ!» ብሎ ሊጮህ ምንም አልቀረውም።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለች ሚስቱ።

ጎርናናው በዚያ ቤት በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ሞልቶ ተናገረ። «ወንዱን አውጪ!»

መርፌው ቆመ። «የቱን ወንድ?»

«ስታወሪው ሰምቻለሁ! ትናንትም፣ ዛሬም!»

ሚስቱ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ወደ ቧንቧው አየች፣ ወደ እሱ አየች፤ ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። ሊያስቃት ነበር፤ ግን ከንፈሯ ከመዘርጋቱ በፊት ከፋት። በልቶ ዝም፣ ተኝቶ ዝም ያለ ሰው አፉን የፈታው ሊሰድባት ነው?

«አለ» አለችው። «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይመጣል። እንደ አንተ በቅንድብ አያናግረኝም። ፊቱን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ካገኘኸው ለእኔም አሳየኝ።»

«ተጠንቀቂ! ነገ እጅ ከፍንጅ የያዝኩሽ እንደሆነ ልብስሽን ጠቅልለሽ ወደ ወንድምሽ ቤት!»

«መኪናዬን ማን ይሸከምልኛል?» አለችና መስፋቷን ቀጠለች። የዚያ ቀሚስ እጅጌ ግን እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጎርናናው ስቱዲዮ ገባ። ከብቱን አነበበ፣ ወንዙን አነበበ። «የቤተሰብ ምክር» ላይ ሲደርስ ግን ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው። ከመስታወቱ ማዶ አለቃዋ ስልኳን እየነካካች ነው።

«ዛሬ ከራሴ ልናገር?» አላት።

«የፈለጉትን ይበሉ ጋሼ። ማን ይሰማዋል?»

እውነቷን ነው፤ በጥናት ተረጋግጧል። ማንም የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ እንደመጮህ ነው፣ ቀለል ይላል። ጎርናናው ጉሮሮውን ጠረገና የሆዱን ዘረገፈው። እንደዚያ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። ሲጨርስ ልቡ ቅልል አለው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለሌላ ሰው ነው፤ ለጎርናናው ሁለቱም ተሟልተውለታል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ከዚያ ድምፅ ጋር የምታወራበት ሰዓት ደርሷል፤ ብልጭታ ከሥራው ከጠፋ ነገሩ አለቀ። ብልጭታ ግን አልጠፋም። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዳቦ እየገመጠ ነው። ጎርናናው እንዲያውም ደስ አለው። ከመሄዱ በፊት ደረስኩበት ማለት ነው! በኮሌታው ያዘው።

«ተነስ! እቤት ትፈለጋለህ!»

«ቧንቧው ተነቀለ እንዴ ጋሼ? ቀስ በል፣ ዳቦዬን!»

እየጎተተው ወጣ። በመንገዱ ሁሉ ያ ማጉረምረም አለ። እትዬ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ሁለቱንም አየቻቸውና አንገቷን ነቀነቀች። ጎርናናው ብልጭታን እየገፋ ደጁ ላይ ደረሰ፤ እጁን ወደ በሩ ሲዘረጋ ባለበት ደረቀ።

ከቤት ውስጥ ያ የፍየል ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ብልጭታን አየው። ብልጭታ በእጁ ውስጥ ነው፤ አፉ ውስጥ ደግሞ ዳቦ አለ።

«አንተ እዚህ ከሆንክ...» አለ ጎርናናው፣ «እዚያ ውስጥ ያለው ማነው?»

ብልጭታ ዳቦውን ዋጠ። «አንተ ነሃ ጋሼ።»

«ምን?»

«አንተ ነህ። የከሰዓቱ ፕሮግራም። እስካሁን አታውቅም እንዴ?» ብልጭታ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። «ማማው አናታችን ላይ አይደል? ዝገት ያለበት ብረት ሁሉ ሞገዱን እየያዘ ያወራል። የእኔ አሮጌ መዝጊያ ያወራል፣ የእትዬ ጠረጴዛ ያወራል። ይኸኛው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ዝጓል፣ ከሁሉ አጥርቶ የሚናገር እሱ ነው። ልቀይረው ብላት ‹ብትነካው እጅህን!› አለችኝ።»

«የእኔ ድምፅ እንደዚህ ነው?»

«በብረት ሲወጣ ትንሽ ይቀጥናል» አለ ብልጭታ በአዘኔታ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ መንደር የብረት ጥርስ ያስተከለ አንድ አናጢ ነበር። ጥርሱ ከሁሉ ብረት በላይ ያነባል። ከሰዓት አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሰማል። ወንዝ ሞላ ሲባል ምራቁን ይውጣል። አልዋሸሁም፤ ዋሽቼም ከሆነ ትንሽ ነው።

«ታዲያ ጠያቂው ሲመጣ ለምን ‹አንሰማም› አላችሁ?» አለ ጎርናናው።

«ሰውዬው ‹ሬዲዮ አላችሁ ወይ› አለ፤ የለንም አልን። ደግሞ ማን ያምነዋል? በሚያወራ ብረት ላይ ግብር ሊጥሉ ይሆናል ብለን ጠረጠርን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አንተው በሬዲዮ ያልከው አይደል?»

ሁልጊዜ በሩን በርግዶ ስለሚገባ መጋጠሚያው እየተናጋ ድምፁ ይጠፋ እንደነበር ጎርናናው አሁን ገባው። በሩን ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ገፋው።

ሚስቱ ወደ ቧንቧው ዞራ ተቀምጣለች። ድምፁ አልጠፋም። ውስጥ ሆኖ ሲሰማው ቃል በቃል ይለያል፦

«...አሁን ደግሞ የቤተሰብ ምክር። አንዳንድ ሴት አለች...»

«አትስሚው!» አለ ጎርናናው።

«ዝም በል» አለች ሳትዞር። «ሰውዬው እያወራ ነው።»

«...ባሏ ጉሮሮውን ሸጦ ሲያኖራት፣ እሷ የፍየል ድምፅ ካለው በያጅ ጋር ትስቃለች። እንዲህ ያለች ሴት...»

«በያጅ?» አለ ብልጭታ ከደጅ።

«ውሸታም ነው!» ጮኸ ጎርናናው ቧንቧውን እያመለከተ። «ምንም የማያውቅ ሰው ነው! ማን ይሰማል ብሎ ነው!»

«...ቤቷ በር እንጂ ልብ የለውም፤ የገባ ሁሉ ይገባል...»

ጎርናናው ሌላ መላ ሲያጣ ተመልሶ በሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ግድግዳው ተንገጫገጨ፤ ቧንቧው ዝም አለ። እፎይ ሊል ነበር። ግን ከጎረቤት የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ከማዶው መዝጊያ፣ ከእትዬ ጠረጴዛ፣ ከየአቅጣጫው ፍየሎች ተነስተው ንግግሩን እስከ መጨረሻው አደረሱት። ያ አናጢ በደጃቸው ሲያልፍ ነበር። ጥርሱ የሚለውን ሲሰማ በሁለት እጁ አፉን አፍኖ፣ እሱ ራሱ የተናገረው ይመስል በሀፍረት አንገቱን ሰብሮ ሮጠ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ጎርናናው።

«ለእኔ ብቻ ነው የተናገርከው?»

«አይ።»

«ታዲያ ለእኔ ብቻ ለምን ትነግረኛለህ?» መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በዚያው በኩል መልሰው። ካልሆነ ልብሴን የምጠቀልለው እኔ ነኝ፤ ማባረር አያስፈልግህም። መኪናዬን ብልጭታ ይሸከምልኛል።»

«እኔን ተዉኝ!» አለ ብልጭታ ከደጅ።

«ለምን አልነገርሽኝም ግን?» አለ ጎርናናው። «ይህን ሁሉ ዘመን!»

«መጀመሪያ የምታውቅ መስሎኝ ነው። በኋላ ደግሞ እንደማታውቅ ሲገባኝ፣ ብነግርህ በእሱም በኩል ድምፅህን እንዳትቆጥብብኝ ፈራሁ። ያለኝ ወሬኛ እሱ ብቻ ነው።»

ዓርብ ጠዋት አለቃዋ የስንብት ጽሑፉን አቀበለችው። «በክብር የተሰናበተ አገልግሎት»፣ «የዘመኑ ቴክኖሎጂ»፣ የመሳሰለው አለበት። ጎርናናው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሆነ ነገራት።

«ማንን ነው ይቅርታ የሚጠይቁት ጋሼ?»

«ቧንቧውን፣ ጠረጴዛውን፣ የአናጢውን ጥርስ። መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ጥናታችሁ ብረቱን አልጠየቀም።»

አለቃዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጣቢያው እንዳይዘጋበት የፈጠረው ተንኮል ይሁን፣ ወይስ ነገር ዓለሙ ዞሮበት እንደሆነ መለየት አቃታት። «ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እረፍት ያስፈልግዎታል።» የመቅረጫውን ቀይ መብራት ግን አበራችለት።

ከሰዓት ጎርናናው በሩን ቀስ አድርጎ ገፍቶ ገባና ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። መንደሩ ሁሉ በየብረቱ ሥር ተቀምጧል። ብልጭታ ስሙ ሲጸዳ ሊሰማ መዝጊያውን ተሸክሞ አደባባይ አውጥቶታል። ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ።

«...ትናንት በዚህ ሰዓት አንድ ሰውዬ ስለ ሚስቱ ተናግሮ ነበር። ሰውዬው ጅል ነው። በገዛ ድምፁ ቀንቶ ነው። በያጁም የሠራው ቧንቧ ብቻ ነው፤ እሱንም ጥሩ አድርጎ። ሚስቱ ለዓመታት ስታዳምጠው እሱ አንድ ቀን እንኳ አላዳመጣትም። ይቅርታ። የጠፋችውም ቀይ ላም እስካሁን አልተገኘችም...»

«ተበልታለች አልኩህ!» አለች ሚስቱ ለቧንቧው፤ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«...ያዳመጣችሁኝ ብረቶች ሁሉ፣ ደህና ሁኑ።»

ከዚያ ጭር አለ። ሚስቱ ማንኪያ አንስታ እንደ ልማዷ መጋጠሚያውን ቆረቆረችው። ቧንቧው እንደ ማንኛውም ቧንቧ ጠቅ፣ ጠቅ አለ እንጂ ቃል አልወጣውም። ጉብታው ላይ ማማው ቆሟል፤ ወፍ ተቀምጦበታል። ከመንደሩ አንድም ማጉረምረም አይሰማም። ያን ያህል ጸጥታ ለካ ያስፈራል።

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። «እሺ፤ ያም ሄደ። አሁንስ?»

ጎርናናው በልማድ ጉሮሮውን ሊይዝ ሁለት ጣቱን አነሳ። አየችው። ጣቱን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ዛሬ» አለ፣ «ቢሮ ውስጥ ያቺ አለቃዬ አእምሮዬን የሳትኩ መስሏት ውኃ ልታጠጣኝ ነበር...»

ሚስቱ እጅጌውን ወደ መርፌው እየሳበች አዳመጠችው። ትንሽ ቆይታ ግን መኪናዋን አቆመችና በጥርጣሬ አየችው።

«ምነው?» አለ።

«አይ፣ ቀጥል» አለች። «ብቻ በቧንቧው ይሻል ነበር።»